በሰርግ አዳራሽ የተሳለችው ሴት

አዲስ በተቀባ በር አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር የዘይት ቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሰርስሮ ይገባና አባቴን ይዞብኝ ይመጣል። አባቴ ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው ሰፈራችን፣ ሴቻ ውስጥ፣ የሱቅና የሆቴል ማስታወቂያ እየጻፈ የሚያሳድረን ሰዓሊ ነበር፤ አያቴ ግን ዶርዜ ላይ ሸማኔ ስለነበሩ፣ ሽመናውን ትቶ ቀለም ይዞ የወጣውን ልጃቸውን ዘመድ ሁሉ በጨዋታ መካከል ሸንቆጥ ሳያደርገው አያልፍም ነበር።

ገና ተማሪ ሳለሁ አንድ ዓመት፣ በበልጉ ዝናብ፣ እናቴ የወለደቻት እህቴ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። እንዲህ ላለ ሕፃን ድንኳን አይጣልም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ጎረቤቶችም «ልጅ ነው፣ እግዜር ይተካዋል» ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እናቴ የቤቱን ሥራ ስትጨርስ ብቻዋን ወደ ሐይቁ ትወርድ ነበር፤ ምን እንደምታደርግ ጠይቄያት አላውቅም።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አንድ ባለሆቴል ለሰርግ አዳራሹ ግድግዳ ሐይቁን እንዲስልለት አባቴን ቀጠረው። አባቴም አባያን ሳለና ዳርቻው ላይ ጀርባዋን የሰጠች፣ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ጨመረ። እኔ ደስታዬን የምይዝበት አጥቼ የክፍሌን ልጆች እየጎተትኩ አሳይ ነበር።

ጥር ሲገባ፣ አባቴ ሥዕሉን ሲጨርስ እኔም ጓደኞቼን ይዤ እዚያው ሳለሁ፣ ሰርገኞች አዳራሹን ሊያዩ መጡና የሙሽራዋ አክስት ገና ከበሩ «ውይ፣ በስመአብ! ነጠላዋን እኮ አዘቅዝቃለች!» ብለው ጮኹ። እውነትም ጥለቱ ለሐዘን እንደሚለበሰው ወደ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ነበር። ባለሆቴሉ «አንተ ሰው፣ ሙሽራ በማስገባበት ቤት ለቅሶ ትስልብኛለህ?» ሲል አስተናጋጆቹ «የሸማኔ ልጅ ጥለት ጠፋው!» እያሉ ሳቁ። አባቴ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ብሩሹን አነሳ፤ እኔ፣ ጓደኞቼ እያዩኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ቤት ገብቼ «አባዬ አዋረደን፣ ጥለት እንኳ አያውቅም!» ብዬ ስነጫነጭ እናቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ «አጠፋው እንዴ?» አለችኝ።

«ጥለቱን ወደ ታች አወረደው።»

«እኔን እኮ ነው የሳለው» አለች። «ለልጄ አዘቅዝቄ ስቀመጥ ያየኝ እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ሰፌዱ ላይ ተደፍታ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አባቴ ማምሻውን መጥቶ «ይቅር በይኝ፣ ሰው በዛብኝ» አላት።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ ጎረቤት ሲያዝን እንደማንም ድንኳን ገብቼ ለሌላ ሰው ልጅ አለቅሳለሁ። ያኔ ያፈርኩት በአባቴ ነበር፤ አሁን የማፍረው በራሴ ነው። ለእህቴ የተቀመጠላት ለቅሶ ያ ግድግዳ ብቻ ነበር፣ እኔም እዚያ ቆሜ ቶሎ እንዲጠፋ እጸልይ ነበር።