ለባዶ መኪና የተደረገ ዱዓ

በመካነ ሰላም ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሰው ጭቃ ላይ ሲንሸራተት፣ አህያ ጭነቷን ስትጥል «አሚን» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ቃሉን ይጎትቱታል፤ መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ትንሽ ያንቀጠቅጡታል። ከዚያ ይስቃሉ። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ሃይማኖተኞች ይመስሉታል። እኔ ግን የሚያስመስሉት የማንን ድምፅ እንደሆነ ስለማውቅ በሰማሁት ቁጥር አፌ ይመርረኛል። የየኋላሸትን ድምፅ ነው።

የኋላሸት በውሃ ጽሕፈት ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነው። ምንጭ የሚጎለብትበትን ቦታ፣ ቧንቧ የሚያልፍበትን መስመር፣ ቦኖ የሚተከልበትን ጥግ በኮምፒውተር ይነድፋል። ከነደፈው ውስጥ መሬት ላይ የሚያርፈው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። አርባን ያለፈ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው፤ ሲያወራ እጁን የሚታጠብ ይመስል መዳፎቹን ያሻሻል።

አምና መስከረም ላይ ኔትወርክ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ሰው ስልኩን ለሰዓት ማያና ለባትሪ ብቻ ይዞ ይዞር ነበር። በየኋላሸት ላፕቶፕ ውስጥ ደግሞ ቀደም ብሎ ከደሴ ያመጣው አንድ ፕሮግራም ነበረ። ማንኛውንም ዕቃ ከላይም ከታችም፣ ከውስጥም ከውጭም እያገላበጡ ለመሥራት ያስችላል፤ የተሠራውን ደግሞ ጌም ውስጥ አስገብቶ ማንቀሳቀስ ይቻላል። በዚህ መርከብ መሥራት ጀመረ።

ባሕር አይቶ አያውቅም። ያየው ትልቁ ውሃ ዓባይ ነው፤ እሱንም ከድልድዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል። የመጀመሪያው መርከቡ ውሃው ላይ እንደተቀመጠ በጎኑ ተኛ፤ ፎቅ አብዝቶበት ነበር። ሁለተኛው ቆመ፣ ግን ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ ሆነ። ኅዳር ላይ አንድ ነጭ መርከብ ከወደብ ሲወጣ ለሚስቱ ለእፀገነት አሳያት። እፀገነት አስተማሪ ናት፤ ጉድለት ቶሎ ይታያታል። ወጥ ቤቱ የት እንዳለ ጠየቀችው። አልነበረም። በሳምንቱ ከነምድጃውና ከነጭስ መውጫው ሠራለት።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ወሬውን ሲሰሙ ኑህ አሉት።

«ኑህስ ጎርፍ ይመጣል ተብሎ ነው» አለው ገንዘብ ያዡ አንድ ቀን ምሳ ላይ። «አንተ ምን ሰምተህ ነው? ንገረንና አብረን እንሳፈር።»

«ለአንተማ ከእንስሶቹ ጋር ቦታ ይዤልሃለሁ» አለው የኋላሸት።

በዚያ ወቅት ደስተኛ ነበር። ይህን የምጽፈው ደስታውን ስላየሁት ነው።

ከጥር በኋላ መርከቡን ትቶ ወደ መኪና ዞረ። በመጀመሪያ አሮጌ የጭነት መኪና፣ ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱን ፒካፕ ሠራ። ከዚያ ለማንም ሳይናገር የጓደኛችንን የረመዳንን መኪና ጀመረ።

የኋላሸት፣ ረመዳንና እኔ አንድ ክፍል ተምረናል። ረመዳን መምህሩ ጀርባቸውን ሲሰጡ በአፉ ማርሽ የሚቀይር ልጅ ነበር። ከኋላ ወንበር ሆኖ ዳገት ይወጣል፣ ይከብደዋል፣ ማርሽ ይመልሳል፤ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ጫፍ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። መምህሩ ዞር ሲሉ መኪናው ቆሟል። ሌሎቻችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እሱ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ የቅጥቅጥ ሹፌር ሆነ። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል የተገጠመለት፣ በየገጠሩ የሚያመላልሰን መኪና ነው ቅጥቅጥ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የነሐሴ ጧት፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ላይ ጭጋግ ውስጥ ፍሬን እምቢ አለውና ከነተሳፋሪዎቹ ገደል ገባ። አብዛኞቹ አልተረፉም። እሱም አልተረፈም።

አባቱ ሼህ አብዱራህማን የመናኸሪያው ሽማግሌ ናቸው። ጧት ጧት መኪና ሞልቶ ሊነሣ ሲል በሩ ላይ ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ። «ወጥታችሁ ግቡ። ጎማው አይክዳችሁ፣ ሹፌሩ አይዘናጋ፣ የሚጠብቃችሁ ሰው በደህና ይቀበላችሁ» ይላሉ። ተሳፋሪው እስላም ክርስቲያኑ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። አሚን ሳይባል ሞተር የሚያስነሣ ሹፌር የለም። ልጃቸውንም በዚያ ጧት የሸኙት እንዲሁ ነበር። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ይተዉታል ብለን ነበር፤ አልተዉትም። ተመልሰው ሲመጡ የመጀመሪያው መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አሚን አለ።

የኋላሸት የረመዳንን መኪና የሠራው ከሠርግ ፎቶና ከትዝታ ነው። በጎኑ ያለውን ቢጫ መስመር፣ ከፍ አድርገው ካልገፉት የማይዘጋውን በር፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ስፖንጁ የወጣ ወንበር፣ ከኋላ መስታወት በላይ የተጻፈውን «እናት ትጠብቃለች» የሚል ጽሑፍ፣ ሁሉንም። ጽሕፈት ቤቱ የአካባቢው ከፍታ መረጃ ስለነበረው መንገዱንም ሠራው፤ ጠመዝማዛውን እያንዳንዱን፣ ዓባይ እስኪደርስ። አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቱ ሄጄ ሲነዳ አየሁት። በጣም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ረመዳን የወደቀባት ኩርባ ላይ ሲደርስ ጥርሱን ነከሰ። አለፋት። ድልድዩ ላይ ቆሞ ሞተሩን አጠፋና መዳፎቹን ማሻሸት ጀመረ። እፀገነት ከጓዳ ሆና «ደረሰ?» ብላ ጠየቀች። «ደረሰ» አላት። በየሳምንቱ እንደምትጠይቀው ገባኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረው። መኪናው ያለ ዱዓ ይነሣ ነበር።

እናም ከእፀገነት ጋር ሆነው ሼሁ ዘንድ ሄዱ። ነገሩን ሲያስረዳቸው ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሼሁ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሥዕል በትዕግሥት አዩ፤ ቢጫውን መስመር በጣታቸው ነኩት። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ዱዓ ለባዶ መኪና አይደረግም። ማን ነው የሚሳፈረው?»

የኋላሸት አሰበና ጌሙን የሚከፍት ሁሉ ይሳፈራል፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም አላቸው። የማያውቁት ሰውማ በየቀኑ ይሳፈራል አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩ ይቀዳል። «ወጥታችሁ ግቡ» ካሉ በኋላ እንደ ልማዳቸው ቆም ብለው ጠበቁ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«አሚን የሚል የለም እንዴ? እንዲህማ አልቀጥልም።»

የኋላሸት ደንግጦ ከልቡ አሚን አለ። ድምፁ መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ። እፀገነትም አለች። ሼሁ ዱዓውን ጨረሱ። የኋላሸት ድምፁን መኪናው ውስጥ አስገባውና ዱዓው አልቆ አሚን እስኪባል ድረስ ሞተሩ እንዳይነሣ አደረገው።

ግንቦት ላይ ኔትወርክ ተመለሰ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጌም ቤት ያለው ዋለ መኪናውን አይቶ አበደለት። እንዲህ ያለ ሥራ ተደብቆ አይቀርም፣ አገር ይንዳው ብሎ ለመነው፤ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን የሚያጋሩበት የኢንተርኔት ገጽ ላይም አብሮት ጫነው። በመጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከማያውቀው አገር ያሉ ሰዎች ድልድዩ ላይ ቆመው ያነሡትን ፎቶ ይልኩለት ነበር። የኋላሸት ለሼሁ ወስዶ አሳያቸው፤ «ደረሱ» ይሉ ነበር እሳቸውም።

ሐምሌ ላይ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተራ ስጠብቅ አጠገቤ ያለ ሰው ስልኩን እያየ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። እንካ እይ ብሎ አቀበለኝ። የረመዳን መኪና ነው። የሼሁ ድምፅ «ወጥታችሁ ግቡ» ይላል። «አሚን» ይላል የኋላሸት። ወዲያው መኪናው ኩርባዋን ይለቅና ይንከባለላል። ቀስ ተደርጎ፣ ከዘፈን ጋር። በሩ ይነቀላል፤ ያ ስፖንጁ የወጣ ወንበር ይወረወራል። ማን እንደጨመረበት እንጃ፣ የጫማ መዓት በመስኮት ይፈስሳል። ታች ወርዶ ሲከሰከስ ድምፁ ይደገማል፤ አሚን። እንደገና አሚን። የስልኩ ባለቤት ፊቴን እያየ ሳቄን ይጠብቃል። ስልኩን መለስኩለትና ሳልቆረጥ ወጣሁ።

ቪዲዮውን የሠራው ዋለ ነበር። ጌም ቤቱ ውስጥ መኪናውን ማን አርቆ ገደል ይጥለዋል እየተባባሉ ሲወዳደሩ ሰንብተው ነው። ዋለ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ለረመዳን ነፍስ በወጣው ሰደቃ ላይ ከኛ ጋር ተቀምጦ በልቷል። የኋላሸት ሲሄድበት አብሬው ሄድኩ። ዋለ የድንች ጥብስ ይበላ ነበር። ዘይት የነካው ጣቱን ኪቦርዱ ላይ እያሳረፈ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ሰማን።

«አጥፋው» አለው የኋላሸት።

«ጋሼ፣ ውስጡ እኮ ሰው የለም።» ዋለ የአፉን ድንች ወደ ጉንጩ ገፋው። «ማን ተጎዳ? እኔ ባልሠራው መኪናህን ማን ያውቀው ነበር? ይልቅ አመስግነኝ።»

«የረመዳን ነው።»

«ረመዳንማ ቀልደኛ ነበር። እሱ ቢኖር ይስቅ ነበር።»

ይህን ያለው ተናድዶ አይደለም። ክፋትም ያለበት አይመስለኝም፤ ያም ነው ይበልጥ የሚቀፈኝ። ከንፈሩ ዳር የተጋገረው ዘይትና ያ መልካም ፊቱ እስከ ዛሬ ይታዩኛል። እያየን ከገጹ አጠፋው፤ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ሌላ ጌም ከፈተ። ስንወጣ ከኋላችን አንዱ ወንበር ገለበጠ። «አሚን» አሉ በኅብረት።

የኋላሸት ሼሁ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ እኔ ልንገራቸው አለ። የአሱርን ሶላት ሰግደው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ነገራቸው። አሳየኝ አሉ። ቢቀር ይሻላል ብሎ ለመናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ጠበቁ። እስከ መጨረሻው አዩት። ጫማዎቹ ሲፈስሱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

«ድምፄን ከዚያ ውስጥ አውጣልኝ» አሉ።

«ከእኔ ዘንድ አውጥቼዋለሁ፣ አባቴ። ግን በየሰዉ ስልክ ገብቷል። አልችልም።»

«ያስገባኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማውጣት እንዴት አቃተህ?»

ሼሁ ስልኩን መለሱለትና አብሽር፣ አይዞህ አሉት፤ እኛን እንጂ ራሳቸውን ያጽናኑ አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን መናኸሪያ ወጡ። አንድ ጧት ገና «ወጥታችሁ» ሲሉ ከመኪናው ውስጥ ያቺ የተንቀጠቀጠች አሚን መጣች፤ ሳቅም ተከተላት። ሼሁ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። አልተመለሱም። አሁን መኪናዎቹ ዝም ብለው ይነሣሉ።

የኋላሸት የረመዳንን መኪና ከነመንገዱ ከላፕቶፑ ደመሰሰው። መርከቦቹንም ሊደመስስ ሲል እፀገነት እጁን ያዘችው። መርከቦቹ አሁንም አሉ፤ ግን ከፍቷቸው አያውቅም።

ዘንድሮ መስከረም፣ እሱ ለምንጭ ሥራ እኔም ለራሴ ጉዳይ፣ አብረን ወደ ወግዲ ተሳፈርን። ከፊታችን ወይዘሮ አልታየች የተባሉ የወግዲ ቅቤ ነጋዴ ተቀምጠዋል። መኪናው ሲሞላ የቅቤ ቅላቸውን እግራቸው ሥር አስተካክለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ረዳቱ በሩን ዘጋ።

«ሼሁ ዛሬ የሉም እንዴ?»

«ትተውታል፣ እናቴ» አለ ረዳቱ።

ሴትዮዋ ዙሪያውን ቃኙ። የተዘረጋ እጅ አልነበረም። ወደ እኛ ዞሩ።

«እና እጄን ዘርግቼ ልቅር? አንተ የተማርክ ትመስላለህ፣ እስቲ ጀምርልን።»

ለየኋላሸት ነው ያሉት። የኋላሸት ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ መዳፎቹን ቀስ ብሎ ከፈተ። አፉን ለመክፈት ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት።

«አሚን» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ እየጎተተ፣ እያንቀጠቀጠ። የኋላው ወንበር በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

ወይዘሮ አልታየች ምንም አላወቁም። ዱዓውን ከኋላ ያለ ሰው ያደረሰው መስሏቸው ጮክ ብለው፣ ከልባቸው፣ «አሚን» አሉና መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉት። ሳቁ ባሰ። ሹፌሩም እየሳቀ ማርሽ አስገባ።

የኋላሸት እጆቹን ሰብስቦ ጉልበቶቹ መሃል ከተታቸው። ወግዲ እስክንደርስ አላወጣቸውም።