ኮላው የማይጠብቀው ዘፈን

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋሽ ኮላ ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የምታውቀው ታላቅ እህቱ ናት፤ እሷም ስትቆጣው ካልሆነ አትጠራውም። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ነበረች። መጀመሪያ የተዋወቁ ቀን የተሰበረ ጊታሯን ታቅፋ ደጁ ብትመጣ፣ እጁን ሳይታጠብ ጨበጣት። ጣቱ ላይ ያልደረቀ ኮላ ነበርና መዳፍ ከመዳፍ ተያያዘ። «ይኼ ሰውዬ ከጨበጠ አይለቅም እንዴ?» አለች እየሳቀች። እውነትም አልለቀቀም። ጊታሩ ተጠግኖ ሄደ፤ ባለጊታሯ ግን ተመልሳ መጣች፣ ቀረች፣ ሴት ልጅ ወለደችለት፣ አብራው ሸበተች።

ጋሽ ኮላ ጊታር ይሠራል፣ ይጠግናል። የሥራ ክፍሉ ከግቢው ጥግ ያለች ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ መጋዝና ሞርሳ ተደርድሯል፤ ወለሏ ላይ ከመላጊያ የወደቀው ፍቅፋቂ እንደ ሕፃን ጠጉር ተጠቅልሎ ይተኛል። አንዲቷ መስኮት የምታየው እህቱ ወደምትኖርበት ፎቅ የሚያወጣውን ደረጃ ነው። ድምፁ የጠፋ ጊታር በዚያች በር ይገባል፤ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ይወጣል።

ከሥራው ሁሉ የሚራቀቅበት የጣት ሰሌዳ ጠርዝ ማልበስ ነው። የጣት ሰሌዳ የሚሉት በጊታሩ አንገት ላይ የሚለጠፈውን፣ የተጫዋቹ ጣት ሲመላለስበት የሚውለውን ጥቁር ሳንቃ ነው። ሳንቃውን አግድም የሚያቋርጡ፣ በመጋዝ የተቀደዱ ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ ፍሬት የሚባሉት የብረት ዘንጎች በመዶሻ ተነካ ተነካ እየተደረጉ የሚቀመጡት በእነዚያ ውስጥ ነው። ጠርዙ ደግሞ እንደ ልብስ ቅምቅማት ነው። ነጣ ያለ ስስ እንጨት በሳንቃው ግራና ቀኝ ተለጥፎ የቦዮቹን የጎን አፍ ይከድናል።

ጣጣው ያለው ኮላው ላይ ነው። ካነሰ ጠርዙ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ከበዛ ደግሞ ጠርዙን ሲጫኑት መሄጃ ያጣና ወደ ቦዮቹ ይሰርጋል። ቦይ ውስጥ የደረቀ ኮላ ድንጋይ ነው፤ ፍሬት አያስገባም። ቆፍሬ ላውጣህ ያሉት እንደሆነ ጥቁሩን እንጨት ገንጥሎ ይዞ ይነሳል።

ስለዚህ ኮላውን በጣቱ ጫፍ እንደ ቅባት ያሳሳዋል፣ ጠርዙን ያለብሳል፣ በፕላስተር ጠፍሮ ያስረዋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ምንም ቢያሳሳው ትንሽ ወደ ቦዮቹ መግባቱ አይቀርም። ቶሎ ቢነካው ይዝረከረካል። ቢያቆየው ይደርቃል። በሁለቱ መሃል ግን አንዲት አፍታ አለች፤ ኮላው እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት የሚለብስባት። ያቺን አፍታ ላገኛት ሰው፣ ስስ የቆርቆሮ ስንጥር በቦዩ ውስጥ ሳብ ሲያደርግ ኮላው ተጠቅልሎ ይወጣለታል።

ጋሽ ኮላ ያቺን አፍታ በሰዓት ለክቷት አያውቅም። ሰዓት ስለ ኮላ ምን ያውቃል ባይ ነው። የሚለካት በዘፈን ነበር። ከሚስቱ ጋር እየተቀባበሉ የሚሏት፣ እነሱው ሲቀልዱ ያበጇት ዘፈን ነበረቻቸው። ኮላውን ቀብቶ ጠርዙን ሲያስር እሱ ይጀምራል፤

ደጅሽ ቆሜያለሁ ዝናቡ እያጠበኝ፣
ግባ በይኝ ቶሎ ጎረቤት ሳያየኝ።

እሷ ልብስ እያሰጣችም ይሁን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቃሉ ካፉ ሳይወድቅ ከግቢው ትቀበለዋለች፤

ማን ቁም አለህና ደጅ ምን ያቆምሃል፣
በሩም አልተዘጋ እግርህም ያውቀዋል።

እሱ ሌላ ያክላል፣ እሷ ሌላ ትመልሳለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ኮላው ስልባቦቱን ለብሶ ይቆየዋል። እንዲህ ሲሠራ ጎልማሳነቱ አለፈ፤ አንድ ቦይ ተደፍኖበት አያውቅም።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህም ዘፈኑን አልተወውም። የራሱን ድርሻ፣ ግማሿን ይላታል። ኮላው ግን ፊት ነሳው። አንድ የጣት ሰሌዳ ተበላሸበት፤ ቀን የጣለው እንጨት ነው አለ። ሁለተኛው ሲደገም ኮላ ሻጩ ዘንድ ሄዶ፣ ኖራ ደባልቀህ ነው የምትሸጥልኝ ብሎ ተጣላው። ሻጩ ኮላው ድሮ የሚወስደው ያው ራሱ መሆኑን ቢምል ቢገዘት አልሰማውም። ማታ እጁን ዘርግቶ ያየዋል፤ አይንቀጠቀጥም። ዓይኑም ደህና ነው። ታዲያ ምኑ ነው የከዳው? ይኼን ማሰብ ከጀመረ ወዲህ የሰው ጊታር መቀበል ፈራ። ደንበኛ ሲመጣ ሥራ በዝቶብኛል እያለ ይመልሳል፤ ጠረጴዛው ባዶውን ተቀምጦ።

በዚህ መሃል ነው ልጁ የመጣችው። አግብታ ሌላ ሰፈር ትኖራለች። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የእናቷን ጊታር አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የጣት ሰሌዳው የጣት መንገድ ወጥቶበት ጎድጉዷል። ገመዱን ብትነካው አጉረመረመ።

«አባዬ፣ እማዬ ትጫወተው እንደነበረው አድርገህ ስጠኝ» አለችው። «ሌላ ምንም አልልህም።»

እምቢ የሚልበት አፍ ከየት ይምጣ። ያለቀውን ሰሌዳ መለወጫ ጥቁር እንጨት ፍለጋ ጓዳ ቢገባ የቀረው አንድ ነው፤ ሚስቱ መስኮት ላይ አበባዋን ታስቀምጥበት የነበረው ሳንቃ። የአበባው ማሰሮ ቂጥ ክብ ምልክት ትቶበታል። ለአንድ ጣት ሰሌዳ ብቻ ይበቃል። ለእህቱ፣ ይኼን ካበላሸሁ መሳሪያዬን ሰቅዬ ቁልፉን ላንቺ እሰጥሻለሁ አላት። እሷም፣ ቁልፉን ምን ላድርገው፣ አንገቴ ላይ ላንጠልጥለው? ብላ አላገጠችበት፤ ግን ፊቱን አይታ ነበርና ጠርዙን በሚያለብስበት ቀን ሹራቧንና መርፌዋን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ይነካካዋል። እህቱ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሹራቧን ጀመረች። ምላሷ መላጊያ ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይኗን ከመርፌዋ አላነሳችም። ጋሽ ኮላ ባንደኛው ጎን ኮላውን ቀባ፣ ጠርዙን አለበሰ፣ እያሰረ ዘፈነ። ሲጨርስ ስንጥሩን ወደ መጀመሪያው ቦይ ሰደደ። ስንጥሩ ቆመ። ወደ ቀጣዩ ሰደደ፤ ቆመ። እንደ ጥርስ ሐኪም ጎንበስ ብሎ በምላጭ ጫፍ ሲፈለፍል ቆየ፤ ብዙዎቹን ቀስ በቀስ አስለቀቃቸው። አንዱ ዘንድ ግን ቀጭ የምትል ድምፅ ተሰማች። የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥቁር እንጨት ተገንጥላ መዳፉ ላይ አረፈች።

ምላጩን አስቀመጠ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ መሃል ከተተ።

«አንዱ ጎን ይኼ ነው» አለ። «ሌላውን አልነካውም። በቃኝ እትዬ።»

እህቱ መርፌዋን አላቆመችም።

«አንተ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ማንን እጠብቃለሁ?»

«ዘፈኑ ውስጥ። ደጅሽ ቆሜያለሁ ትልና ዝም። ሹራቤን አንድ መስመር ወጥቼ እመለሳለሁ፣ አንተ እንደ ድንጋይ ቆመሃል። ከዚያ እንደገና ደጅሽ ቆሜያለሁ።»

እሱ የተገነጠለችውን እንጨት መዳፉ ላይ አገላበጣት።

«የእሷን መልስ እየጠበቅክ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አልፈርድብህም። እኔም ደረጃውን ስወርድ አንዳንዴ እጠብቃለሁ። ኮላው ግን አይጠብቅልህም፣ ወንድሜ።»

ጋሽ ኮላ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። በግቢው የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ የዝናብ ጠብታ ተደርድሯል። ሻጩን መስደቡ ትዝ አለው። እንጨቱን፣ አየሩን፣ እጁን መክሰሱ ትዝ አለው። በዘፈኑ መሃል ለካ አንዲት ባዶ ወንበር አስቀምጦ ነበር፤ ዘፈኑ እዚያ በደረሰ ቁጥር ወንበሩ አጠገብ ቆሞ ይቀር ነበር።

«በል ቀባ» አለች እህቱ ሹራቧን ጠቅልላ። «እኔ እመልስልሃለሁ።»

«አንቺ? አንቺ ስትዘፍኚ እኮ ውሻ ግቢ ለቆ ይሄዳል።»

«ይሂድ። ኮላ የሚቀባው ውሻው አይደለም።»

ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ጣቱን ኮላው ውስጥ ነከረ። ጠርዙን አለበሰ፣ ፕላስተሩን ጠፈረ፣ ጀመረ። «ሳያየኝ» የምትለዋን ገና ሲጎትታት እህቱ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ በሚያፏጭ ድምፅ፣ ማን ቁም አለህና ብላ ዘላ ገባች። ዜማው የት እንደደረሰ አልታወቀም። ግን ቦታው ትክክል ነበር፤ ሚስቱ የምትገባበት፣ ቃሉ ካፉ ሳይወድቅ። ጋሽ ኮላ እንደ ድሮው ተቀደመና ቸኮለ፣ ቸኩሎ ያዘ፣ ተቀባበሉ፣ ዘፈኑ አለቀ።

ስንጥሩን አነሳ። ወደ ቦዩ አስገብቶ ሳብ አደረገው።

ኮላው ለስላሳ ስልባቦት ሆኖ ተጠቅልሎ ወጣ። ቀጣዩም ወጣ። ከአንገቱ ጫፍ እስከ ታች አንድም የቀረ የለም። እህቱ ከትከሻው በላይ አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆየችና፣ ለጉሮሮዬ ሻይ የሚያፈላልኝ የለም ወይ? አለች። ሄዶ አፈላላት።

ያችን የተገነጠለች ቦታ በጥቁር እንጨት ዱቄትና በኮላ ሞላት። ጨርሶ አልጠፋችም፤ ብርሃን ሲያርፍባት ጭል ትላለች። ፍሬቶቹን መዶሻ እያስነካ አስቀመጠ፤ እያንዳንዱ ጠቅ ብሎ ቦታውን ያዘ። ልጁ ተመልሳ ከመምጣቷ በፊት የሁለት ደንበኛ ጊታር ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ነበር።

እሁድ ልጁ መጣች። ገመዱን ቃኘች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ያችኑ ዘፈን ጀመረች፤ ከልጅነቷ ስትሰማት ያደገችባት ናት። ደጅሽ ቆሜያለሁ ብላ ገና ሳትጨርስ ከፎቁ መስኮት የዛገው ማጠፊያ ተቀበላት። ልጅቷ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ ሳቋ ጋብ ሲል ጣቷ ጠርዙ ላይ አረፈና ያችን ጠባሳ አገኛት።

«አባዬ፣ ይቺስ ምንድን ናት?»

ጋሽ ኮላ ጎንበስ ብሎ አያት፤ አሻሻት።

«እዚህ ጋ» አለ፣ «ትንሽ ጠብቄ ነው።»