ከካሜራው ጀርባ የሳቀችው

«ጳጉሜን ሦስት፣ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት... ወይስ አራት?» አሉ ሽማግሌው ራሳቸውን እየተጠራጠሩ። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የምትጽፈው ማናለብሽ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ጠበቀች። ቀኑ ካልታወቀ ቴሌቪዥን ጣቢያው የሚጠይቁትን የድሮ ካሴት ፈልጎ አያገኝላቸውም።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የጣቢያው ድምፅ ቀጂ ናቸው። የኮታቸው እጅጌ ተበልቷል፣ ከረባታቸው ግን አልተዛነፈም። የታክሲ ጡሩምባ በጮኸ ቁጥር ዝም ይሉና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይደግሙታል። እሷም ሳታስተውል ሁለት ሁለቴ ጽፋዋለች።

«አባባ፣ ለማን ልበለው?»

«መምሪያ ብለው ቀጠሩኝ፤ ድርጅት ሆኑ፣ ኮርፖሬሽን ሆኑ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። የአሁኑን ጻፊ።»

«ካሴቱ ላይ ምን አለ?»

«የቀለም ሥርጭት ሊጀመር በነበረበት ሰሞን የተቀዳ ልምምድ ነው። አንባቢው ዜናውን ገና ሳይጀምር ‹ደህና እደሩ› ብሎ ተሰናበተ። ከካሜራው ጀርባ አንዲት ሴት ስትስቅ ይሰማል። አጥፋው ተባልኩ፤ አላጠፋሁትም። እሱን ሳቅ አንዴ ብሰማው ይበቃኛል።»

ማናለብሽ ሁለቱንም ቀን ጻፈችላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና መርቀዋት ወጡ። ሴትየዋ ምናቸው እንደነበረች ልትጠይቃቸው ተከትላ ስትወጣ፣ የተክለ ሃይማኖት ታክሲ ይዟቸው ሄዷል።