ወንድሜን በገዛ ልብሱ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰላም ከጎረቤታችን ሱቅ ሚዛን ተውሳ መጣችና ዕቃዋን አንድ በአንድ መመዘን ጀመረች። ሲሪንቃ ባለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ትሠራለች፤ ለሥልጠና ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ነው። አውሮፕላኑ ከተወሰነ ክብደት በላይ አይቀበልም አለችኝ። ልብሱን መዘነች፣ ጫማውን መዘነች፣ ለማን እንደሆነ ያልነገረችኝን ሽሮና በርበሬ መዘነች። በመጨረሻ ሁለት ካሜራ አልጋዬ ላይ አስቀምጣ ቆመች። አንደኛው አፍንጫው የረዘመና የሚከብድ ነው፤ ሌላዋ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም።

«አክስቴ፣ የትኛውን ልውሰድ?» አለች። ከራሷ ጋር የምታወራ እንጂ መልስ የምትጠብቅ አልመሰለኝም።

«ትንሿን» አልኳት።

«አክስቴ ደሞ ስለ ካሜራ!» ብላ ሳቀች።

አልተቀየምኩም። የፎቶ ሥራ ተምሬ እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል፤ ካገባሁ በኋላ ስለተውኩት ግን እየተረሳ ሄዷል። እሷ ቦርሳዋን ስትዘጋ እኔ ጅቡቲን እያሰብኩ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ አድማሱ ወልድያ ባለው ፎቶ ቤቱ ሥራ አስገባኝ። ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር ነበር፤ ክረምት ደጁ ጭቃ ነው፣ በጋ ደግሞ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራ። ውስጡ ግን ሌላ አገር ይመስላል። ሸራ ላይ ሐይቅ ተስሏል፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ፣ ከጀልባው በላይ ደግሞ አውሮፕላን አለ። ከበሩ አጠገብ ሦስት ኮቶችና አስቀድመው የታሰሩ ክራቫቶች በሚስማር ተሰቅለዋል። ለገበያ የመጣ ሰው ጋቢውን አውልቆ ኮቱን ይለብስና ፎቶ ይነሣል። ኮቱ ከሰፋው ጋሼ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ይሰበስበዋል። ሰውየው ከሲታ ከሆነ ከኮቱ ሥር ሹራብ ይደርብለታል። የጎደጎደ ጉንጭ ካለም ፊልሙን በቀጭን እርሳስ ይነካካና ይሞላዋል። ደንበኛው ፎቶውን ሲቀበል ራሱን አይቶ ይገረማል።

ኮቶቹ በየበዓሉ መዳረሻ መርሳ ለምትኖረው እናቴ ይላኩ ነበር። እሷ አጥባ፣ ተኩሳ፣ የላላውን ቁልፍ ሰፍታ በአውቶቡስ ትመልሳቸዋለች። ስለዚህ የፎቶ ቤቱን ምስጢር ከእኛ እኩል ታውቃለች።

ጋሼ ሁለት ካሜራ ነበረው። ትልቁ የእንጨት ነው፤ በሦስት እግር ይቆማል፣ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ያያል። ትንሿ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄዳት ናት። ደንበኞች አይወዷትም። በትንሽ ካሜራ የተነሣ ሰው አንሶ ይወጣል ይሉ ነበር፤ ጋሼም ይህን ሲሰማ አያርማቸውም። አንድ ቦታ የማይረጉ ሕፃናትን ለማንሣት ብቻ ነበር የሚያወጣት።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ በዚያን ጊዜ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ከዚያ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር መርሳ ሻይ ሲጠጣ፣ «ያ ሙሉጌታ እንዴት ከስቷል! የሚተርፍም አልመሰለኝ» ማለቱ እናቴ ጆሮ ደረሰ። መልእክት ላከችበት። እሱም በሌላ ሹፌር እጅ ፎቶ ላከላት፤ ኮትና ክራቫት አድርጎ፣ እጁን ወንበር ላይ ጭኖ። ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ፎቶውን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ኮቱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የሱ ይሆናላ እማዬ።»

«የፎቶ ቤቱ ነው። ትከሻውን እዪው፣ እጅ ያስገባል። ከሥሩስ ምን ያህል ሹራብ ደርበውበት ይሆን? ወንድሜ በሞት አፋፍ ያለውን ሰው ሙሽራ ሲያስመስል እያየሁ ነው የኖርኩት።»

«እንግዲያው ሄጄ አይቼው ልምጣ።»

«አንቺ አይተሽው ምን ልትነግሪኝ? ደኅና ነው ልትዪኝ ነው። ለአባትሽ ጊዜም እስኪያረዱኝ ድረስ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ይለኝ ነበር።» ፎቶውን ከጭኔ ላይ መልሳ ወሰደችው። «ልጄን በገዛ ልብሱ አንሥተሽ አምጪልኝ።»

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ይደበቃል። ሰው መሞቱን መንደሩ ሁሉ እያወቀ የቤቱ ሰው ሳይሰማ ይከርማል። እናቴ የሰው ቃል አላምንም ብትል አልፈረድኩባትም።

ጉዞውን ያመቻቹልኝ እትዬ ዘውዲቱ ናቸው። ትግራይ ተወልደው ወልድያ ያገቡ ነጋዴ ናቸው፤ ሽቶና ጨርቅ ከጅቡቲ ያመጡ ነበር። በምንሄድበት ጠዋት ፎቶ ቤቱ ድረስ ሊወስዱኝ መጡ። ጋሼ ትልቁን ካሜራ ከነሣጥኑና ከነእግሩ በገመድ አስሮ ደጅ አቁሞታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ዘውዲቱ። «ድንኳን ልንተክል ነው እንዴ የምንሄደው?»

«ካሜራ ነው» አለ ጋሼ።

«ጅቡቲ የሚሄድ ሰው እጁን ባዶ አድርጎ ነው አድማሱ። እጅ የሚያስፈልገው ስንመለስ ዕቃ ለመሸከም ነው።»

እኔም ድፍረት አገኘሁና፣ «ትንሿን ብወስድ ምን ይመስልዎታል ጋሼ?» አልኩት።

«ሰው አገር ሄዶ ይህችን መጫወቻ ማውጣት ነውር ነው። የወልድያ ፎቶ ቤት ይህ ነው ወይ እባላለሁ።»

«ማን ይላል? ጅቡቲ ማን ያውቀናል?»

«እኔ እላለኋ!» አለ።

እትዬ ዘውዲቱ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የተጨነቅኩት በክብደቱ ብቻ አልነበረም። ትልቁ ካሜራ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ትንሿን ይዤ ያነሣኋቸው ሕፃናት ግማሾቹ ደብዝዘው ነው የወጡት። ፊልሙ የሚታጠበው ደግሞ ወልድያ ስመለስ ነው። ከተበላሸ ተመልሶ ማንሣት የለም፤ እናቴም ፎቶ አልወጣም ብላት ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። በሌላ በኩል ያንን ሣጥን የወንድሜ በር ላይ ብተክለው ወዲያው ኮት ፍለጋ እንደሚወጣ አልጠፋኝም። ትንሿን አነሣሁና አንገቴ ላይ አንጠለጠልኳት። ጋሼ ትልቁን ተሸክሞ ወደ ውስጥ አስገባና ተመልሶ የትንሿን ፊልም በእጁ አስገባልኝ።

በአውቶቡስ በደሴ አድርገን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በባቡር ቁልቁል ወረድን። መስከረም አጋማሽ ስለነበር እስከ ደብረ ሲና ድረስ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ አዋሽን ካለፍን በኋላ ግን የቀረው ድንጋይና እሾህ ብቻ ነበር። እትዬ ዘውዲቱ ዳቦ ቆሏቸውን እያካፈሉኝ፣ ድሬዳዋ ላይ በመስኮት መንደሪን ገዝተው እየላጡ ያጎርሱኝ ነበር። ድንበሩ ጋ ሣጥን የያዘ ሁሉ ወርዶ እንዲፈታ ታዘዘ። ፀሐዩ ላይ ተሰልፈው ገመድ የሚፈቱትን ሰዎች በመስኮት እያየሁ ጋሼን አሰብኩት። ፈታሹ አንገቴ ላይ ያለችውን ካሜራ አየና አለፈኝ።

ሙሉጌታ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ተቀበለን። እውነትም ከስቷል። ወባ ጥሎት ሆስፒታል ከርሞ ነበር፤ ያ ሹፌር ያየው ያኔ ነው። አሁን ግን የሻንጣውን ክብደት ሳይጠይቅ የእትዬ ዘውዲቱን ዕቃ ትከሻው ላይ ወርውሮ ከፊታችን ይሄዳል፤ ድምፁም እንደ ድሮው ጎልቶ ይሰማል። ከኋላው ስሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ረጋ። እኔ አይቼዋለሁ። የቀረው ማሳየቱ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ካሜራዋን ገና ዓይኔ አጠገብ ሳደርስ፣ ፎቶ ቤት እንደለመድኩት «እንዳትንቀሳቀስ!» እላለሁ። እሱም በጋሼ ፎቶ ቤት እየተነሣ ያደገ ነውና ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል፣ አገጩን ያነሣል፣ እጁ ወንበር ፍለጋ ይሄዳል።

«ምነው ሙሌ፣ እንደ ሰው ቁምልኝ እንጂ!»

«አትንቀሳቀስ ብለሽኝ የለም? ቆይ፣ ከጓደኛዬ ኮት ልዋስ።»

«ኮት አትንካ! በናትህ!»

«እንዲህ ሆኜ ነው እንዴ እማዬ የምታየኝ?»

ከጥግ ሆነው የሚያዩን እትዬ ዘውዲቱ፣ «ይህ ልጅ የቤተ መንግሥት ዘብ ነው እንዴ?» አሉ። ፊልሙ እያለቀ ሄደ፤ ያነሣሁት ሁሉ ግትር ብሎ የቆመ ሰው ነበር። ትልቁ ካሜራ ሰው ካልደረቀለት አያነሣም፤ ለዚያ ነው አትንቀሳቀስ የምንለው። ትንሿ ይህን አትፈልግም ነበር። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ አፌ ከእጄ በፊት ይቀድም ስለነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ሲል ሙሉጌታ ደጃፉ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ አቀረበ። ሽርጥ ታጥቆ፣ ብብቱ ሥር የተቀደደ ካናቴራ ለብሶ፣ አባታችን እንደሚያደርገው አንድ ጉልበቱን አቁሞ ተቀመጠ። እትዬ ዘውዲቱ ከአንድ ሽቶ ሻጭ ጋር ያደረጉትን ክርክር የሁለቱንም ድምፅ እያወጡ ሲያወሩ፣ እሱ የጎረሰውን ሳይውጥ ሳቀ። ምንም አልተናገርኩም። አነሣሁት። ደገምኩት።

«አነሣሽኝ?» አለ አፉ እንደሞላ። «በሽርጥ?»

«ብላ» አልኩት።

ወልድያ እስክንመለስ ድረስ ያ ሙቀት ፊልሙን አበላሽቶት ይሆን እያልኩ ምግብ በቅጡ አልበላሁም። ጋሼ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ ገባ። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነክረን በቀዩ መብራት ጎንበስ ብለን ጠበቅን። መጀመሪያ ፀጉሩ ጠቆር ብሎ መጣ፣ ቀጥሎ ዓይኖቹ፣ ከዚያ ሳቁ። ጥርት ያለ ነበር።

«ይህ ሰው እኮ መነሣቱንም አላወቀ» አለ ጋሼ። ደግሞ ቀረብ ብሎ አየው። «ካናቴራው ተቀዷል። በእርሳስ ልድፈንልሽ?»

«አይንኩት ጋሼ።»

ትንሽ አየኝና እርሳሱን አስቀመጠ።

እናቴ ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ ወጣች። ብዙ ቆየች።

«ሩዝ ነው የሚበላው?»

«ዓሣም አለው።»

«ከስቷል።»

«ታሞ ነበር፤ ድኗል።»

«ይበላል ግን» አለች፤ ጣቷን ካናቴራው ቀዳዳ ላይ አሳረፈች። «እንደ አባቱ ነው የተቀመጠው። እሱ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷን ጠርታ ፀጉሯን ተሠራች። ወሬውን ከሰማች ወዲህ ሹሩባዋን እንደ ሐዘንተኛ ፈትታ በሻሽ ጠቅልላ እንደኖረች ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ሙሉጌታ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መርሳ ብርቱካንና ማንጎ እያለማ አረጀ። ያቺን ፎቶ ዛሬም አይወዳትም፤ እንግዳ ሲያይበት በሽርጥ አዋረደችኝ ይላል። እኔ ግን ወደሱ ስሄድ ዋናው መንገድ ዳር የቆሙትን የጭነት መኪኖች ባየሁ ቁጥር እናቴ ትዝ ትለኛለች። ከፎቶው በፊት ከጅቡቲ የመጣውን ሹፌር ሁሉ እያስቆመች ስለ ልጇ ትጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሲያልፉ ታያቸውና አንዱንም ሳትጠይቅ ታሳልፋቸው ነበር።