በአመድና በሎሚ የፈተግኩት ጦር

ማን አስገባኝ እላለሁ እስካሁን። በጣቴ የምፈርም ሴትዮ፣ አውሮፕላን በቅርብ አይቼ የማላውቅ፣ ቦሌ ለመድረስ ሦስት ሰው ጠይቄ የምሳፈር፣ ሁለት ትልልቅ ወንዶች በኮከብ መሃል ሲዋጉ ዳኛ ሆኜ ቁጭ! ጅል ነኝ። ያውም ጅልነቱን ራሴ ነኝ የጀመርኩት። ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እየሳቀች ነው የምትጽፈው፣ ትሳቅ።

ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ የነበረ ጊዜ ነው። ምናለሽ ተራን ያየ ያውቃል፣ ሰው የጣለው ሁሉ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበውን በጆንያ ያወርድልኛል፣ እኔ እለያለሁ። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ፣ ወረቀት ከወረቀት። አንድ ዕቃ ከጆንያ ሙሉውን ይወጣል እንጂ ሙሉውን አይሸጥም፤ ክዳኑ ለአንዱ፣ ሆዱ ለሌላው ነው። ስራችን እንዲህ ነው።

አንድ ማክሰኞ ከጆንያው የካርቶን ሳጥን ወጣ። ክዳኑ ላይ ጥቁር ሰማይና እሳት የሚተፋ ነገር ተስሎበታል። ስከፍተው ጣት የማያክሉ የእርሳስ ብረቶች ናቸው፣ ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። አንዷ ዓሣ ትመስላለች፣ አንዷ መጥረቢያ፣ አንዷ የተደፋ ጭልፋ። ግማሾቹ ቀይ፣ ግማሾቹ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል፤ የተቀቡትም በጥንቃቄ ነው፣ መስኮት ሁሉ አላቸው። እኔ ግን ያየሁት በቀለም የተሸፈነ ብረት ነው። እኛ ዘንድ ብረት ሳይወለወል መደብ ላይ አይወጣም፣ ገዢው ብረቱን ማየት አለበት። ቁጭ ብዬ በአመድ፣ በሎሚ፣ በሽቦ ፈተግኳቸው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ብር መሰሉ። አራቱን ቁልፍ መያዣ የሚሰራው ጎረቤቴ ወሰደና በስቶ ቀለበት አስገባባቸው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን የፈረንጅ መጽሐፍ ጥቁር አዝሙድ ለምትቸረችር ሴት ለመጠቅለያ ሰጠኋት። ሌላ ደግሞ የማር እንጀራ የመሰለ መስመር የሞላበት ትልቅ ወረቀት ነበረ፣ እሱን መደቤ ላይ አንጥፌ ዕቃዬን ደረደርኩበት።

አርብ ጠዋት አንድ ሰውዬ እየሮጠ መጣ። አውቀዋለሁ፣ ሶማሌ ተራ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው ነው። ሬዲዮዎቹ ሲያወሩ እንጂ እሱ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። የዛን ቀን ግን አፉ ተከፍቷል።

«እትዬ፣ ሚስቴ ለመስቀል ቤት ስታጸዳ ለቆራሌው የሰጠችው ሳጥን... ትንንሽ መርከቦች ያሉበት... እርስዎ ጋ ነው ያወረድኩት ብሎኛል።»

«መርከብ? ምናለሽ ተራ? ባህሩስ የት አለ?»

«የሰማይ መርከብ ናቸው እትዬ።»

«መርከብ ሰማይ ላይ ምን ታደርጋለች?»

«ትዋጋለች።»

ጠጥቷል እንዳልል ገና ጠዋት ነው። ትኩር ብዬ ሳየው ዓይኑ መደቤ ላይ አረፈ። አንዷን አነሳት፣ ገለባበጣት። ሌላዋን አነሳ። ከዚያ የቆርቆሮው ጆንያ ላይ ዘፍ አለ።

«ቀለሙስ?» አለኝ።

«አጸዳሁልህ!» አልኩት በኩራት። «እንዴት እንደሚያበራ አየህ?»

«እትዬ፣ ቀዩ የኔ ነበር። አረንጓዴው የጋሼ። አሁን የማን የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

ያኔ ነው ነገሩን ያጫወተኝ። ድሮ የሚሰራበት መስሪያ ቤት አንድ ፈረንጅ አለቃ ነበረው። ደርግ ሊወድቅ ሲል ሰውዬው አገሩ ሲገባ ሳጥኑን ለሱ ትቶለት ሄደ። ጨዋታ ነው። በፈረንጅ አገር እንኳ መሰራቱ የቆመ፣ የተረሳ ጨዋታ። መጽሐፉን ማንበብ አቅቶት አስቀምጦት ሳለ አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ጋሼ የሚላቸው፣ ሬዲዮ ሊያሰሩ መጡ፣ ሳጥኑን አዩ፣ ተረጎሙለት፣ በዛው ሁለቱም ተለከፉ። ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ የቀቡት ራሳቸው ናቸው፣ አንዷን መርከብ አንድ ሳምንት። አስር ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከሱቁ ጓሮ ይዋጋሉ። ሦስተኛ የሚጫወት ሰው በከተማው ፈልገው አጡ። ከአንዱ ውጊያ የተረፈች መርከብ ለሚቀጥለው ትተላለፋለች፣ እንደዚያ እያሉ ይሄ ጦርነት ብቻውን ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሚያልቀው በዚህ እሁድ ነው። ግድ ማለቅ አለበት፣ አስተማሪው ጡረታ ወጥተዋላ፤ ሰኞ ጠዋት ጠቅልለው ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው።

«ከሳቸው ሌላ ከማን ጋር እጫወታለሁ?» አለኝ። «ቢያንስ ይቺን እንጨርሳት ብለን ነበር።»

ሳቄ መጥቶ ነበር። ፊቱን ሳይ ዋጥኩት።

«ተነስ፣ ሱሪህን ዝገት በላው፣» አልኩት። «ያዝረከረክሁት እኔ ነኝ፣ እኔው እለቅመዋለሁ።»

መደቤን ለሌላዋ ጎረቤቴ አደራ አልኩ። ጎረቤቴ ከቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ የምትሰራ ሴት ናት፣ ከመቀሷ ዓይኗን አትነቅልም።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ጦር ሜዳ።»

«ቶሎ ተመለሽ፣» አለችኝ።

ቁልፍ መያዣ ሰሪው ሦስቱን ወዲያው መለሰ። አራተኛዋን ለራሱ ሱቅ ቁልፍ መያዣ አድርጓታል፣ ወድዷታል፣ ለምነን ለምነን ከነቀለበቷ ሰጠን። ጥቁር አዝሙድ ሻጯ ጋ ስንደርስ መጽሐፉ ከግማሽ በታች ነው።

«ስንት ገጽ ሄደ?» አላት ሰውዬው።

«እኔ በገጽ ነው እንዴ የምሸጠው? በስኒ ነው!»

የቀረውን ቆሞ አገላበጠ። መርከብ እንዴት እንደምትዞር የሚለው ገጽ የለም። አንዷ ሴትዮ ጥቁር አዝሙድ ጠቅልላበት ሄዳለች። ይኸው እስካሁን የሰማይ መርከብ አዟዟር በአንዱ ጓዳ ተቀምጧል፣ ሴትየዋ አታውቅም።

እሁድ ወደ ሱቁ ጓሮ ሄድኩ። ያጠፋሁትን ልይ ብዬ ነው እንጂ ማንም አልጠራኝም። የማር እንጀራው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ የመደቤ ዝገት እንዳለበት። አስተማሪው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ለውጊያው ኮት ለብሰው መጥተዋል። ከመቀመጫቸው ተነስተው ጨበጡኝ።

«እርስዎ ነዎት ሁለት የጦር ኃይል በሎሚ ያጠቡት?»

«እኔ ነኝ። እንግዲህ ሁለታችሁንም አሸንፌያለሁ ማለት ነው።»

ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም፣ መርከቦቹን መለየት ሲጀመር።

«ይቺ መጥረቢያ የኔ ናት።»

«ኧረ ጋሼ! የእርስዎ መጥረቢያ ሁለት ነው።»

«ሦስት ነው። ሐምሌ ላይ አንዷ ተርፋልኛለች።»

«ሐምሌ ላይ እኮ ተቃጥላለች፣ እኔው ነኝ ያቃጠልኳት!»

ተቃጠለች ይላሉ እኮ፣ ቁጭ ብላ እያየኋት! ድምጻቸው ከፍ ሲል ቀሚሴ ላይ ሰክቼ የምይዛትን መርፌ ነቀልኩ። ሽቦ የማይደርስበት ስንጥቅ መርፌ ይደርሳል፤ ሁለት ቀን የፈተግኩት እኔ ነኝ፣ የት የት እንዳስቸገረኝ አውቃለሁ። አንዷን ሆዷ ስር ጫር ሳደርጋት ከጥፍር እድፍ የማትበልጥ ቀለም ወጣች።

«ቀይ፣» አልኩ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጭንቅላታቸው ተጋጨ። ከዚያ በኋላ ንግሥት ሆንኩ። አንድ በአንድ እጭራለሁ፣ እነሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። «ይቺ... ይቺማ... ቆይ ዓይኔም ደክሟል...» እያልኩ አቁለጨለጭኳቸው። የቀዮቹን ጀርባ ምናልባት ብዬ ይዤ በመጣሁት የልጅ ልጄ የጥፍር ቀለም ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ አረንጓዴዎቹ እንዳበሩ ቀሩ። ያቺ የተከራከሩባት መጥረቢያ ግን ቀለም የሚባል አልተገኘባትም። በደንብ ነው ያጠብኳት።

«ካልተስማማችሁ የኔ ናት፣» አልኩ ለቀልድ።

አስተማሪው ያንን የተቦጫጨቀ መጽሐፍ አገላበጡ፣ ቁም ነገር ነው ለሳቸው። «ገለልተኛ መርከብ ይፈቀዳል፣» አሉና ወረቀቱ መሃል አስቀመጡልኝ። እንደዚህ ነው የገባሁት።

ውጊያው ተጀመረ። ዳይስ የሚሉት ባለ ነጥብ ጠጠር ይጣላል፣ ይቆጠራል፣ መርከብ ፈቀቅ ትላለች። ያ ዝምተኛ ሰውዬ «ድው! ድድድው!» ሲል ብትሰሙት! አስተማሪው መርከብ በተመታባቸው ቁጥር ኮታቸውን ይነካካሉ፣ የተበሱ ይመስል። መዞር ላይ ሲደርሱ ግን ቆመ፣ ገጹ የለማ።

«ሦስት ቤት ሄዳ ነው የምትዞረው፣» አሉ አስተማሪው።

«ሁለት ነው ጋሼ!»

ወደኔ ዞሩ፣ እንደ ዳኛ።

«ሁለት ተኩል፣» አልኩ። ምን ልበል? እንደሱ ተጫወቱ፣ ግማሿን እንዴት እንዳደረጓት አላውቅም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ የአስተማሪው አምስት ቀርተዋል፣ የጠጋኙ አስራ አንድ። ትልቋ ቀይ፣ ጭልፋ የምትመስለው፣ አምስቱን ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። ለኔ እንኳ ገባኝ፣ አንዴ ቢጥል አለቀ። ዳይሱን በእጁ ያዘ። አሸው። አስተማሪውን አየ፣ ጥግ ላይ ያቆሙትን ሻንጣ አየ፤ ለመንገዱ ሊያሰሩት ያመጡት እጀታው የተፈታ ሻንጣ ነው። ከዚያ ጭልፋዋን አዞረና ወደ ኋላ ወሰዳት።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ እኮ ናቸው!» አልኩት።

በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ። እኔን! አሮጊቷን!

«ማፈግፈግ ነው፣» አለ።

አስተማሪው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ሞኝ አይደሉም። የሳቸውንም አምስት አዙረው አፈገፈጉ። እንዲህ እየተባባሉ፣ አንዱ ወደዚያ ጠርዝ፣ አንዱ ወደዚህ ጠርዝ፣ ማንም ማንንም ሳይነካ ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ። መሃል ላይ የኔ መጥረቢያ ብቻዋን ቀረች።

«አላለቀም እንግዲህ፣» አሉ አስተማሪው።

«አላለቀም ጋሼ።»

«ለገና ልጄን ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።»

«ለገና። ቦታቸውን ጽፌ አስቀምጣለሁ።»

አምስቱን መርከብ በመሐረብ ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ከተቱ። ሰውዬው ሻንጣቸውን በሬዲዮ ሽቦ ጠፍንጎ አሰረላቸው፣ ከሚገባው በላይ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ተሸክሞላቸው እስከ ታክሲው ሄደ። ሲመለስ የተፈታ ቴፕ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ።

ማግስቱን ለማንቆርቆሪያዋ ጎረቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፣ ድው ድው እያልኩ፣ እየተሯሯጥኩ። መቀሷን ሳታቆም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ቆርቆሮውን አስቀመጠችና አየችኝ።

«አስተማሪው እንዳይሄዱበት ከፈለገ፣ አይሂዱ አይላቸውም? አፍ የለውም እንዴ?»