ሮቶው ወድቆ ሁለት ሱቅ የተዘጋ ዕለት

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ነፋስን አያማም፤ እንጀራው ነው። እኔም ያማሁት ጎረቤቴን ነው። ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው እትዬ ጣሪያዋ ላይ ያስቀመጠችው የውሃ ሮቶ ሳይታሰር ኖሮ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ነፋሱ ገፍቶ የእኔ ቆርቆሮ ላይ ጣለው። ቆርቆሮው ተቀደደ፤ ውሃው ለክረምት ባስገባሁት የሱፍ ብርድ ልብስ ላይ ወረደ። ካሳ ካላገኘሁ ክረምቱን ባዶ ሱቅ ልጠብቅ ነው።

«እትዬ፣ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ነፋሱን ክሰሰው።»

ነፋሱ አድራሻ ስለሌለው እሷን ከሰስኩ።

ግቢዬ ውስጥ የተከራየ የኢኮኖሚክስ መምህር አለ። ክስ አገርን ምን ያህል ያከስራል የሚለው ነገር ሥራውም ጨዋታውም ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ በር ላይ ይዞኝ ይቆማል።

«ጋሼ፣ እሳቸው የሚከፍሉዎት ካሳ ለአገር ወጪ አይደለም፤ ከአንድ ኪስ ወጥቶ ሌላ ኪስ ይገባል። ወጪው ጠበቃው፣ ገማቹ፣ የሚባክነው ጊዜ ነው።»

«የረጠበው ብርድ ልብስስ?»

«እሱማ ባይከሱም ረጥቧል። ደግሞ ጥቅሙም ይቆጠራል። ከእርስዎ ክስ ወዲህ በዚህ መስመር ሮቶውን በሽቦ ያላሰረ አለ? ያልወደቀ ሮቶ ስንት ያወጣል?»

ብዙ ነገር ተምኛለሁ፤ ያልወደቀ ሮቶ ግን ተምኜ አላውቅም። እውነትም ሁሉም አስሯል።

እኛ መስመር ላይ፣ ጉዳይ ያለው ነጋዴ ሱቁን አይቆልፍም። በሩ ላይ በርጩማ አጋድሞ ይሄዳል፤ ደንበኛ ከመጣ ጎረቤት ገብቶ ይሸጥለታል። የቀጠሮው ዕለት እኔም በርጩማዬን አጋደምኩና፣ አፌ እንደለመደው ወደ ጎን ዞሬ «እትዬ፣ ደርሼ እስክመጣ ሱቁን እዪልኝ» አልኩ።

ነጠላዋን አጣፍታ በሯ ላይ ቆማ ነበር። «የት ልትሄድ?»

«ፍርድ ቤት።»

«እኔስ የት የምሄድ መሰለህ?»

ሁለታችንም ቆልፈን በአንድ ባጃጅ ሄድን። ችሎቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጠራ። ለዕድሩ በጅምላ የሚገዛኝ የመዘዞ ደንበኛዬ ነው። «ያንተም ዝግ፣ የጎረቤትህም ዝግ፤ ለቅሶ ነው እንዴ? እኛ ከማዶ ገዝተን ተመለስን» አለኝ።

«ምን አለህ?» አለች እትዬ።

«ሰው ሞተባችሁ ወይ አለኝ።»

ሮቶው ከወደቀ ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ ገና አየኋት። አፏን በነጠላዋ እንደሸፈነች፣ «የብርድ ልብሱን ግማሽ እችላለሁ» አለች።

«ቆርቆሮውስ?»

«አስለውጥልሃለሁ። ከግማሹ በላይ ግን አልጨምርም። አድርቀህ እንደምትሸጠው አውቃለሁ፤ ያለ ነገር አልኖርኩም ካንተ ጎን።»

በእርግጥም ላደርቀው አስቤ ነበር። ለዳኛዋ ታርቀናል አልናት፤ መዝገቡን ዘጋችው።

መምህሩ ሲሰማ «የተቆለፈ ሱቅስ በስንት ይገመታል? ሱቅ ለሚያይልዎ ጎረቤት እኮ ደመወዝ አይከፍሉም» ብሎ በሩ ላይ ቆሞ አሰበ። እስካሁን ያስባል። እኔ ለክረምቱ ያሰብኩትን ያህል ባይሆንም ዕቃ አስገባሁ።

ከሳምንት በኋላ እትዬ በርጩማዋን አጋደመች። «ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እሷ ሳትመለስ አንዲት ሴት ባልዲ ፈለገች፤ ዋጋውን ስላላወቅኩ በግምት ሸጥኩላት።

«በስንት ሰጠሃት?» አለችኝ እትዬ ስትመለስ።

ነገርኳት። ዱቄቷን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ፍርድ ቤቱ የት እንደሆነ አሁን እኔም አውቃለሁ።»