በቁሜ የለጠፉብኝ መርዶ

ቡራዩ ታክሲ ተራ ያሉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ ልጄን ለጥፈውት ነበር። እኔ አላየሁም። ሥራ ስወጣ ገና አይነጋም፣ ስመለስ ደግሞ ቀና ብዬ ምሰሶ የማይበት አንገት የለኝም። ያየችው የባሌ እህት ናት፣ እሁድ ዕለት ከሱሉልታ ልትጠይቀን ስትመጣ።

ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች ገባች። «ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን! ወንድሜን!» ባሌ የሌሊት ዘበኛ ስለሆነ ቀን ይተኛል። ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ብቅ ሲል ጮኻ በሩ ላይ ዘፍ አለች።

«አልሞትክም?»

«እንቅልፍ ነስተሽ ካልገደልሽኝ» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም አለሽ? እኔማ በበዓሉ በግ ስለተኳረፍን መርዶ የደበቃችሁኝ መስሎኝ!»

ሳቅን። ከዚያ ከምሰሶ ገንጥላ ያመጣችውን ወረቀት ከጉያዋ አወጣች። ፊደል የማውቀው ለቀም ለቀም አድርጌ ነው፤ አነበብኩት ግን። ከልጄ ፎቶ ሥር «እናትም አባትም የለኝም። ማን ያስጠናኝ? በጎ ፈቃደኛ ይሁኑ» ይላል። ፎቶውን ያነሱት ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች በነጻ የሚያስጠናው ድርጅት ሰዎች ናቸው፣ ለመታወቂያ ነው ብለውኝ።

ልጄን ጠርቼ ስጠይቀው ለካ ያውቃል። ክፍል ውስጥ «የሙት ልጅ» ይሉታል። ይባስ ብሎ አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ፣ «የወረቀቱ ልጅ አይደለህ? ና ግባ፣ ጫማ ልግዛልህ» ብላዋለች።

«ገባህ?»

«በሩን ስትከፍት ፈርቼ ሮጥኩ።»

ባለቤት የለውም ብሎ መለጠፍ፣ ኑ ውሰዱት ማለት አይደለም?

በማግስቱ ሥራ ቀርቼ የድርጅቱ ቢሮ ሄድኩ። ማስታወቂያውን የጻፈው ወጣት «እናቴ፣ ይረጋጉ» እያለ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሰው አንጀቱ ካልተበላ አይመጣም» አለኝ። «ይሄ ከወጣ ወዲህ ስንት ሰው ደወለ መሰለዎት!»

«የሰው አንጀት የምትበላው በእኔ ሬሳ ነው? የራስህን እናት ገድለህ ለምን አልለጠፍክም?»

«እናቴ በሕይወት አለችኮ!»

«እኔስ?»

እስክሪብቶ አነሳ። «ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?» አለ።

«ያለውን ነዋ! ቅዳሜ ጠዋት ልጅ ማስጠናት ነው በል። ክፍያ የለውም በል። ሒሳብ የሚችል ይምጣ በል። እናቶቻቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ ብለህም ጨምር። ለመልካም የመጣ አይደነግጥም፤ ለሌላ የመጣ ከዚያው ይመለስ።»

ጻፈው። እንዲህ የደረቀ ማስታወቂያ ሰው እንደማያመጣ ግን ነገረኝ። እውነቱን ይሆናል። እኔ ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው፣ ሰው እንዲጠራላቸው አይደለም።

«አሮጌውን መቼ ታነሱታላችሁ?»

«አዲሱ ሲታተም፣ በሚቀጥለው ሳምንት።»

ሳምንት! ያቺ መኪና ሳምንት ትጠብቃለች?

ከዚያው ወጥቼ ወደ ታክሲ ተራ ወረድኩ። ከአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ቢላ ተዋስኩ። ሙጫቸው ክፉ ነው። ወረቀቱ ተልጦ ተልጦ፣ የልጄ አንድ ዓይኑና ጆሮው አልለቅ አለኝ። አንድ ረዳት ከታክሲ በር ተንጠልጥሎ፣ «ማዘር፣ ምሰሶው ጺም አወጣ እንዴ የምትላጪው?» ሲል ተሳፋሪው ሳቀ።

«ልጄን እያወረድኩ ነው። አንተ አርፈህ ተሳፋሪህን ጥራ!» አልኩትና ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሄድኩ።